ከአውቶቡስ መስኮት የተሳልኩት ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል «ከሰማኸኝ ጥላ አገባለሁ፣ ያደረግህልኝንም በሰው ፊት እናገራለሁ» ብዬ ነበር። ጥላው ገብቷል። ንግግሩ ግን ቆየብኝ። ሥራ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ከድሬዳዋ ደውላ «ኤምባሲ ወረቀት ሰጥተው መለሱኝ፣ አለቀልኝ» እያለች ስታለቅስ የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት እሱ ከትልልቆቹ፣ እኔ ከትንንሾቹ ነበርን። ዲቪ ደርሶት በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ ሲገባ በመካከላችን ምንም አልነበረም፣ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ዜግነቱን ካገኘ በኋላ ለእረፍት መጣ፣ ተገናኘን፣ ተነጋገርን፣ ሽማግሌ ላከ። ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በተክሊልና በቁርባን ተጋባን። ዕለቱ እሑድ ነበር፣ የወሩ ገብርኤልም ነበር። እናቴ «በገብርኤል ቀን የገባ ትዳር አይፈርስም» ብላ እልል ስትል አሁንም ይታወሰኛል። ይህን ቀን ያዙልኝ፣ ኋላ መከራዬ ሁሉ የመጣው በዚሁ ቀን ምክንያት ነው።

ሦስት ሳምንት አብረን ቆይተን ወደ ሜሪላንድ ተመለሰ። በመጋቢት 535 ዶላር ከፍሎ ፔቲሽኑን፣ ማለትም ሚስቴን ላምጣ የሚለውን ማመልከቻ፣ አስገባልኝ። «የዜጋ ሚስት ወረፋ የላትም፣ ዓመት ሳይሞላሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ወረፋ የላትም የሚባለው እውነት ነው፣ እንደ ወንድምና እህት ኮታ አትጠብቅም። ፋይሉ ግን ከቢሮ ቢሮ እስኪሄድ መጠበቁ አይቀርም። የኛ በየካቲት 2012 ጸደቀ። ተደሰትን። ወር ሳይሞላ ኮሮና መጣና የአሜሪካ ኤምባሲዎች በዓለም ሁሉ መደበኛውን የቪዛ ሥራ አቆሙ። እሱ ሹፌር ስለሆነ ገቢው በአንዴ ወረደ። ስፖንሰር ለመሆን ደግሞ ገቢህ ቢያንስ የድህነት ወለሉ 125 በመቶ መሆን አለበት። አንድ የማኅበር ወንድሙ አብሮ ፈረመለት። ያ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም፣ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም ዐሥር ዓመት የሚያህል ሥራ እስኪሠራ ድረስ በሕግ ያስጠይቃል። ያለ ሥጋ ዝምድና ለኔ ሲል ዕዳ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ስሙን አልጠራም እንጂ በጸሎቴ አልረሳውም።

ለቪዛው 325 ዶላር፣ ለስፖንሰሩ ወረቀት 120 ዶላር ተከፈለ፣ ሰነድ ተላከ፣ «ተሟልቷል» ተባለ። ከዚያ ዝም። ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ኤምባሲው አስቸኳይ ያልሆኑ ሠራተኞቹን ሲያስወጣ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ያገባሁ ሴት ሆኜ እናቴ ቤት ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር «ምነው፣ አልሄድሽም እንዴ?» ይሉኛል። በክፋት አይደለም። ግን ያማል። እሱ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሲደውል እኔ ጋ ቀን ነው፣ ቡና እያፈላሁ አወራዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለታችንም የምንለው ይጠፋንና ስልኩን ሳንዘጋ ዝም ብለን እንቆያለን።

በመጨረሻ የቃለ መጠይቅ ቀን ደረሰኝ። መጋቢት 13 ቀን 2014። የጤና ምርመራውን አዲስ አበባ የካቲት 21 ጨረስኩ፣ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ቀን ነበር። ውጤቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ስድስት ወር ያኔ ብዙ መስሎኝ ነበር።

በቀጠሮዬ ቀን በጠዋት እንጦጦ መንገድ ላይ ተሰልፌያለሁ። ነጭ ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ ፋይሌን በደረቴ ይዣለሁ። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ሲሉኝ አልፈልግም አልኩ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ዲግሪ አለኝ። መስኮቱ ጋ የነበረው ሰው ትሑት ነበር፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። መቼ ተጋባችሁ አለኝ። አንደበቴ የለመደውን ተናገርኩ፣ 2011። ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየኝ። ባለቤትሽ አሜሪካ የገባው በ2012 ነው አይደል አለ። አይ፣ በ2004 ነው አልኩ። ልቤ ስለደነገጠ የምናገረው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ጭራሽ አልታወቀኝም። እሱ ጸጥ ብሎ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈ። ከዚያ ፓስፖርቴን መለሰልኝና 221 ጂ የሚሉትን፣ ተጨማሪ ማስረጃ እስክታመጪ ቪዛው አይሰጥሽም የሚለውን ወረቀት ሰጠኝ። የጋብቻው ቀን የተረጋገጠበት አዲስ ትርጉም፣ ባለቤቴ ዲቪ ሲሞላና ሲሄድ ያላገባ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ፣ ስለ ትዳራችን ተጨማሪ ሰነድ።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የሀበሻ ቀሚስ የተሰቀለበት ሱቅ በር ላይ ቆሜ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ዝም አለና «እስቲ ትርጉሙን አውጪው፣ ቀኑን አንብቢልኝ» አለኝ። አወጣሁት። ሜይ 19 ቀን 2011 ይላል፣ በፈረንጆቹ! ያስተረጎምንበት ቤት 19/05/2011 የሚለውን ሳይቀይር እንዳለ ወስዶታል። አምስተኛው ወር ለእኛ ጥር ነው፣ ለእነሱ ግን ሜይ። መሆን የነበረበት ጃንዋሪ 27 ቀን 2019 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ወረቀት በእጃችን ነበር፣ አንድም ቀን ልብ ብለን አላየነውም።

የነገሩን ክብደት የተረዳነው እሱ ጠበቃ ካማከረ በኋላ ነው። በዚያ ትርጉም መሠረት ባለቤቴ በዲቪ አሜሪካ ሲገባ ባለትዳር ነበር፣ ሚስቱን ደብቆ የቪዛ ቅጹ ላይ «ያላገባ» ብሎ ሞልቷል ማለት ነው። ይህ ከታመነ የሚቀረው የኔ ቪዛ ብቻ አይደለም፣ የእሱ ዜግነትም ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ደግሞ በአፌ አጸደቅኩት። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔ ግን ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ወደ ድሬዳዋ በጭሮ መስመር በሚሄደው አውቶቡስ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ነበር። ቁልቢ ስንደርስ ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሰው ሁሉ አማተበ። እኔም ቀና ስል ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ታየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ደንገጎን ወጥቼ የሄድኩበት ደጅ ነው። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ደጅ ነው፣ ስንቱ አልቅሶበት ስቆ ተመልሷል። ረጅም ጸሎት አልጸለይኩም። «ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ባሌን ከዚህ እሳት አውጣልኝ። እኔ ብቀር ልቅር፣ እሱን በኔ ምክንያት አታሳፍረው» አልኩ። ስለቴንም ተሳልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ምንም ሳይጠይቁኝ እጄን ያዙኝ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ አልለቀቁኝም።

ከዚያ መሮጥ ጀመርኩ። ትርጉሙ በሁለት ቀን ተስተካከለ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን የጋብቻ መዝገቡን አስወጥተው ጥር 19 ቀን 2011 የሚለውን፣ የሁለታችንንና የምስክሮቻችንን ፊርማ አሳይተው በማኅተም ደብዳቤ ጻፉልን። የቸገረው ያላገባ ማስረጃው ነው። እሱ በ2004 ከቀበሌ ያወጣው ዋናው ጠፍቷል። ቀበሌው ያስቀረው ቅጂ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ፋይሉ የለም። መዋቅር ሲቀየር የድሮ ፋይሎች በጆንያ ታስረው መጋዘን ገብተዋል አሉኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አራቴም የለም ተባልኩ።

አምስተኛው የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። ስሰግድ አርፍጄ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የሄድኩት። የማውቃቸው ሠራተኞች አልነበሩም። አንዲት ጡረታ የደረሱ እትዬ ነበሩ። ስሙን ስነግራቸው «የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። የአባቱን ስም ጠራሁ። «እኔ ነኝ የጻፍኩለት» አሉ! ዲቪ የደረሰው ልጅ ስለነበር፣ እናቱ ደስ ብሏቸው ቢሮ ድረስ ዳቦ ይዘው ስለመጡ አልረሱትም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ አሰሩ፣ መጋዘን ገቡ። እኔም አብሬ ገባሁ። አቧራው አይጣል ነው። ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ስምንተኛው ይሁን ዘጠነኛው ጆንያ ውስጥ፣ የባለቤቴ የልጅነት ፎቶ የተለጠፈበት ቅጂ ወጣ። መጋቢት 2004፣ «ያላገባ»፣ ከነማኅተሙ ከነቁጥሩ። እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከክኩ። እትዬም አብረውኝ አለቀሱ። «ለገብርኤል ንገሪው» ብቻ ነው ያሉኝ። ስለ ስለቴ ግን አልነገርኳቸውም ነበር።

ሰነዱን በግንቦት መጀመሪያ አስገባሁ። ከዚያ ድረ ገጹን በቀን ዐሥር ጊዜ መክፈት ሆነ ሥራዬ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። የጤና ምርመራዬ በነሐሴ ያበቃል። ካበቃ እንደገና ከዜሮ።

ሐምሌ 17 ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ቁልቢ ተነሣሁ። ሐምሌ 19 ገብርኤል ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት በዓል ነው። ከሕዝቡ ብዛት ኔትወርክ የለም፣ ባትሪም አለቀ። ሌሊቱን ጧፍ ይዤ ቆምኩ። የሚገርመው ስለ ቪዛው አልለመንኩም። ስለ ፋይሉ ሳመሰግን አደርኩ።

ሐምሌ 20 ቤት ገብቼ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰካሁት። ኢሜይል አለ። «ፓስፖርትሽን አስገቢ» ይላል። የተላከው ሐምሌ 18 ነው። በበዓሉ ቀን ነው የመጣው ብዬ ባሳምረው ሰው ይበልጥ ይደነቅ ይሆናል፣ ግን ምስክርነት ነውና እንደሆነው እናገራለሁ። በዋዜማው ነው የመጣው። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ሳመሰግን ጉዳዩ አልቆ ነበር።

እናቴን ስጠራት ድምፄ አልወጣም። ስልኩን ብቻ ዘረጋሁላት። ማንበብ አትችልም፣ ፊቴን አይታ ነው እልል ያለችው።

ፍልሰታን ጾሜ ነሐሴ 16 ፈታሁ፣ በዚያው ማታ ከቦሌ ተነሣሁ። ቪዛው ሊያበቃ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ደለስ ኤርፖርት ስደርስ መኮንኑ ማኅተሙን መትቶ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። ባለቤቴ ውጭ አበባ ይዞ ቆሟል፣ ከስቷል፣ ጸጉሩ ላይ ሽበት ገብቷል።

ከወራት በኋላ ግሪን ካርዴ በፖስታ ሲመጣ የዐሥር ዓመት ነው። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባ ሰው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን እንደገና ማስረዳት አለበት። ቶሎ ቢፈቀድልኝ ኖሮ እኔም እዚያው ውስጥ ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሌሊት «ለምን ታዘገየኛለህ» ብዬ አልቅሻለሁ። ካርዱን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ጥላውን ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 እናቴ አገባችልኝ። ቀይ ነው፣ ዙሪያው ወርቃማ ጥልፍ። እዚያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። በሰው ስልክ ደውላ ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞረችልኝ። እልልታው ቤታችንን ሞላው። ባለቤቴና እኔ በባዶ እግራችን ቆመን ሰማን።

አሁን ለደወልሽልኝ እህቴ። የሰጡሽን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ትርጉሙንም አብረሽ። ቀኖቹን አንድ በአንድ እናያቸዋለን። እናቴ ለሐምሌው ቁልቢ ትሄዳለች፣ ስምሽን ይዛ ትገባለች። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ።