ጠመኔውን ከእጇ የተቀበልኩ ቀን

ሜንተር የሆንኩት በደብዳቤ ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ አንድ ገጽ ሰጠኝ። ፊዚክስ ክፍል አዲስ መምህርት ተመድባለች፤ አንተ ታማክራታለህ ይላል። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ሥልጠና የለውም። እኔም አልጠየቅኩም። 12 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪም እኔው ነኝ፤ ምን ያቅተኛል አልኩ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሚደርሳችሁ ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነገረኝስ እሰማ ነበር ወይ? እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለማያውቅ አሠራሩን ባጭሩ ልንገር። አዲስ መምህር ሥራ ሲጀምር ሁለት ዓመት ኢንዳክሽን (የሥራ መለማመጃ) ላይ ይቆያል። አንድ ነባር መምህር ሜንተር ይሆነዋል። ነባሩም ቢሆን በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ይጠበቅበታል። ሁሉም በማህደረ ተግባር፣ የመምህሩ ሥራ በሚጠራቀምበት ፋይል፣ ተሰንዶ ይቀመጣል። የደረጃ ዕድገቱ መሰላል ደግሞ ከጀማሪ ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ እያለ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። «መሪ መምህር» የሚለው ማዕረግ ደስ ይለኝ ነበር። ማንን ነው የምመራው ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነው። ግቢውን አዞርኳት። ማርክ ሊስት እንዴት እንደሚሞላ፣ ሮስተር መቼ እንደሚገባ ነገርኳት። የዓመት ዕቅዴን ኮፒ ሰጠኋት። በዱቤ ምሳ የምታበላውን የመምህራን ክበብ ሴትዮ አስተዋወቅኳት። ይኸው ነው።

ከዚያ የክፍል ምልከታ መጣ።

ፎርሙ እንዲህ ነው፤ ሜንተሩ ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ታች «ጠንካራ ጎን» እና «መሻሻል ያለበት» የሚል ቦታ አለ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ 9ኛ «ሐ» ገባሁ። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። እዚያ 64 ነበሩ። መጨረሻው ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ፎርሙን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

ርዕሷ ወደ ላይ የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴ ነው። ጥሩ ጀመረች። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ እጅ ጽሑፏ ያምራል። ከዚያ ጠየቀች፦ ወደ ላይ የተወረወረ ጠመኔ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? «ዜሮ!» አሉ ባንድ ድምፅ። አክስለሬሽኑስ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን? «ዜሮ!» አሉ አሁንም። እሷም ዞራ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። አክስለሬሽን እኩል ይሆናል ዜሮ።

ደሜ ፈላ። የፊዚክስ መምህር ይህን ሲያይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍጥነቱ ዜሮ ይሁን እንጂ የመሬት ስበት አያርፍም፤ ጫፉ ላይም አክስለሬሽኑ 9.8 ነው፣ ወደ ታች። ይህን ተሳስቶ የሄደ ልጅ 12ኛ ክፍል ድረስ እንደተሳሳተ ይሄዳል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ታገስኩ። ከዚያ ተነሳሁ። በዴስኮቹ መሃል አልፌ ሄድኩና «ይቅርታ መምህርት» ብዬ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበልኩ። የጻፈችውን አጠፋሁ። አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት፤ ክፉነቱም እሱ ነው። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ እጇ ላይ የቀረውን የጠመኔ ዱቄት በጣቷ ታሽ ነበር።

ፎርሙ ላይ «የትምህርቱን ይዘት ጠንቅቆ ማወቅ» ከሚለው ጎን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት። ኮፒውን ሰጥቻት ፈረመች። ምንም አላለችም።

በማግስቱ አንዱ ተማሪ «ዋናው ቲቸር መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቃት። ይህን የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ ከጥበቃው ነው። እሷ ከዚያ በኋላ ለእኔ የምትለው ሁለት ቃል ብቻ ሆነ። «እሺ ጋሼ።» ዕቅድ አምጪ፤ እሺ ጋሼ። ፈተና አዘጋጅተሻል? እሺ ጋሼ። እኔ ደግሞ ታዘዘችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በእኛ አገር እስክሪብቶ የያዘ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ግምገማ ነው። ግምገማ ላይ ደግሞ ብልህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንገት መድፋቷን እንደ መማር ቆጠርኩት።

ጥር ላይ ሱፐርቫይዘር መጣ። ክፍል አልገባም። ማህደረ ተግባሩን ተቀብሎ ገጽ ቆጠረ። «የተግባር ምርምሩ የት አለ?» አለ። አሳየሁት። የምልከታ ፎርሙ በቀን መሞላቱን፣ ፊርማ መኖሩን አየ። ከዚያ በስብሰባ ላይ ተነስቶ እንደ ሞዴል ሜንተር አመሰገነኝ። ተጨበጨበልኝ። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቃኝ የማታውቅ ልጅ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ያን ሰውዬ እስካሁን አልወደውም። እሱ ግን ምን በወጣው? የምናሳየውን ነው ያየው።

ማህደሩን ልመልስ ስል ነው የዚያ የኅዳር ሳምንት ዕቅዷ የወጣው። ገለጥኩትና ማንበብ ጀመርኩ። የማክሰኞው አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ «የመምህሩ ተግባር» በሚለው አምድ ሥር በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። የተማሪዎቹን የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ መጻፍ። ሳያርሙ መተው። ጠመኔ ወደ ላይ መወርወር። ፍጥነቱም አክስለሬሽኑም ዜሮ ከሆነ ጠመኔው እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም ወይ ብሎ መጠየቅ። 6 ደቂቃ።

እኔ በሁለተኛው ደቂቃ ነው የተነሳሁት።

ከታች የማን ፊርማ ቢኖር ጥሩ ነው? የእኔ። ተጠሪ ስለሆንኩ የክፍሉን ሁሉ ሳምንታዊ ዕቅድ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት፣ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ፣ ሰባት ስምንቱን ባንድ ትንፋሽ። አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ልጅቱ ከእኔ የተሻለ አቀራረብ አስባ፣ ጽፋ፣ ለእኔ ሰጥታ፣ እኔው አጽድቄላት፣ እኔው መጥቼ አፈረስኩባት።

ስታፍ ሩም ውስጥ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዕቅዱን አሳየኋት። አየችው፤ አጠፈችው። «ጋሼ፣ ይሄን ለእኔ ሳይሆን ለ9ኛ ሐ ነው የሚነግሩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ተንገዳገድኩ። ተማሪ ፊት እንዴት ተብሎ? ስሜስ? በመጨረሻ ገባሁ። «ያን ቀን መምህርቷ ልክ ነበረች፣ ዕቅዷን ሳላነብ የገባሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ስንት ማርክ ይቀነስብሃል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ የምለው ከመመሪያው ጋር አይስማማም። አልስማማምም።

መመሪያው ቶሎ ግባና ተመልከት ይላል። እኔ አትግቡ እላለሁ። መጀመሪያ አዲሱ መምህር የእናንተን ይይ። የምትኮሩበትን ክፍል ሳይሆን የሚያቅታችሁን። በ2011 ለመጣው ልጅ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ፣ 10ኛ «መ»ን አሳየሁት። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ያወራል። ሲወጣ «እርስዎም ላይ እንዲህ ይሆናል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አላባራም።

እሱ ሲጠራችሁ ብቻ ግቡ። ስትገቡም ዕቅዱን አንብባችሁ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ውጭ ትታችሁ። ፎርሙን በኋላ አብራችሁ ሙሉት፤ ሱፐርቫይዘሩ ልዩነቱን አያውቅም። አለቃውም ሜንተሩም አንድ ሰው እንዲሆን ዳይሬክተሩ ከፈለገ አንዱን እንቢ በሉ። እኔ እንቢ አላልኩም፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

ሌላው ቁልፍ ነው። የላብራቶሪውን ቁልፍ ዘጠኝ ዓመት ኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ። ዕቃው ይጠፋል፣ ይሰበራል እያልኩ። ያለው ዕቃ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለት መልቲሜትር፣ ጥቂት መስታወትና ሌንስ፣ ጆንያ ሙሉ ሽቦ። በ2010 ቁልፉን ሰጠኋት። ልምከርሽ ብሎ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ቀልደኛ ነው። በወሩ አንደኛው መልቲሜትር ፊውዙ ተቃጠለ፤ ልጆቹ በአምፔር ላይ እንዳለ ቮልቴጅ ሊለኩበት ሞክረው ነው። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። የዝምታን ያህል የከበደኝ ሥራ የለም። ፊውዙን ራሷ ገዝታ ቀየረች። በሩ ላይም ወረቀት ለጠፈች፦ «ከመለካታችሁ በፊት መደወያው የት እንዳለ እዩ።» እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ ወረቀት አልለጠፍኩም፤ የሚለካ ስላልነበረ።

በ2014 ተጠሪነቱን ለቅቄ እሷ ያዘችው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያቀረብኩት ከልቤ ነው ብል ግን ዋሸሁ፤ ጀርባዬንም አሞኝ ነበር። እሷ ተጠሪ ከሆነች ወዲህ ቁልፍ ለመውሰድ ደብተር ላይ ስምና ሰዓት ይጻፋል። ለእኔም። አንዳንዴ ያናድደኛል።

ባለፈው ሰኞ ሳምንታዊ ዕቅዴን ወሰድኩላት። ሻይዋን አስቀመጠች። አነበበችው፤ ሁሉንም። ከዚያ ሳትፈርም መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ረቡዕ ላይ ምን እንደሚጠይቋቸው አልጻፉም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጻፍኩ።