ልዕልቴን ከፈረስ ያወረዷት ጋሼ

ስለ አንዲት ልዕልት ቀለል ያለ የምናብ ልብወለድ ልጽፍ ስነሳ በ3 ወር እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። 1 ዓመት ከ8 ወር ፈጀብኝ። አብዛኛውን የጻፍኩት ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ሃይገር ውስጥ፣ ቆሜ፣ በስልኬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። «ወህኒ ቤት» የሚለው ስም መነሻው ወህኒ አምባ ነው። በጎንደር ዘመን ለዙፋኑ ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሥ ዘር ወንዶች እዚያ ተራራ ላይ ይታሰሩ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በግሸን። ወንዶቹ እሺ፣ እህቶቻቸውስ? አንዷ ወንድሟን ላውርድ ብላ ብትነሳስ? በቃ፣ ታሪክ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ያሳፍራል። ልዕልቴ በነጭ ፈረስ ጸጉሯን በትና ትጋልባለች። አንድ ምዕራፍ ለብሎካችን ጥበቃ አነበብኩላቸው። ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው።

«ፈረስ? ለመንገድ?» አሉኝ። «ፈረስ ለጦር ነው ልጄ። ያን ገደል በምን ልትወርደው ነው? በቅሎ ስጫት እንጂ።»

ወዲያው ሌላም ጉድ ወጣ። «ወይዘሮ» ድሮ የንጉሣውያን ሴቶች ማዕረግ ነበር። እኔ እንጀራ ጋጋሪዋን ወይዘሮ ብያት ቁጭ!

በቅሎዋ ግን መጽሐፉን አዳነችው። በቅሎ ቀስ ትላለች፣ ስለዚህ ሰው ያወራል። ከጎን የሚሄደው የበቅሎ ጎታች ልጅ አፍ አወጣ። የምወዳቸው ምዕራፎች የእሱ ናቸው።

አስማቱ ጥላ ነው። የነገሥታት ጥላ፣ ሲዘረጋ ከሥሩ ያለው ሰው አይታይም። ደስ ብሎኝ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። 12 ዓመቷ ነው።

«ቆይ እትዬ፣ ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ዘርግታው ሄዳ አታወጣውም?»

3 ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የሐምሌ ጉም ማዶ ያለውን ብሎክ ውጦታል። ጥላ ያለ ፀሐይ ምን ጥላ አለው? ታሪኩን ወደ ክረምት አዞርኩት። አምባው ሥር ስትደርስ ጉም ነው፣ አስማቱ አይሠራም። ጥላው ዝናብ እንኳን በቅጡ አይከልልም። በጠፍር ገመድና በእጇ ብቻ ልትወጣ ሆነ።

ገመድ እንዴት እንደሚይዝ ልይ ብዬ የልብስ ማስጫውን ደረጃው ብረት ላይ አስሬ ተንጠለጠልኩ። አንድ ክንድ ያህል ሳልወርድ መዳፌ ተላጠ። ጋሼ አይተውኝ፣ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። በፊት ልዕልቴ ወርዳ ፈገግ ትል ነበር። አሁን ነጠላዋን ቀዳ እጇን ትጠቀልላለች።

መሃል ላይ ስልኬን ተመነተፍኩ። 4 ምዕራፍ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ማታ ማታ ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ። ይህን የሚመክረኝ ሰው አልነበረም፣ እናንተን መክሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን ረቂቅ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። እሁድ ጨርሳ መጣች። ስለ ወንድሙም፣ ስለ ዙፋኑም አንድ ቃል የለም።

«የበቅሎዋ ስም ማነው?»

660 ገጽ ጽፌ ስም አላወጣሁላትም።