ሜትሬን ወደ ራሴ ካዞርኩ ስምንት ወር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። አስራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የስንቱን ሰው ወገብ፣ የስንቱን ደረትና ዳሌ ለክቻለሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አራተኛው ላይ ደርሷል። የራሴን ወገብ ግን ለክቼ አላውቅም ነበር።

የለካሁት መስከረም 2017 ላይ ነው። እናቴን ላሳክም ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ እሷን ከጨረሰች በኋላ «አንቺም ተለኪ እንጂ» አለችኝ። ምንም አያመኝም ነበር። ግፊቴ 148 በ94 ሆነ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ እንደሚቆይ ያኔ ነው የገባኝ። ነርሷ በአንድ ቀን ልኬት እንደማይወሰን ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጬ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና ሳልጠጣ ተለካሁ። ሁለቱም ጊዜ ከ140 በ90 በላይ ነበር። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒት አልጀመረልኝም። ምግብሽን አስተካክይ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን አለኝ።

ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ሜትሬን አንገቴ ላይ አገኘሁት። ወገቤን ለካሁ፤ 97 ሴንቲ ሜትር። ቁመቴ 160 ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል ስላሉኝ የእኔ ከ80 በታች መሆን ነበረበት ማለት ነው። ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ስሜን እንደ ደንበኛ ጽፌ 97 ብዬ መዘገብኩ። እዚህ የማካፍላችሁ ከዚያ ገጽ ላይ ያለውን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተት ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ መሮጥ ጀመርኩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ተወልዶ ላደገውም ቢሆን ዳገቷ ትንፋሽ ይፈትናል። ሦስት ቀን ሮጥኩ። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። አስር ቀን ቆምኩ። ዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ልሩጥ ማለቱ ልክ አይደለም። ለጀማሪ ሁሉ ቀድሜ የምናገረው ይሄንን ነው።

እኔ ደግሞ መቀመጤ ከሌላው ይብሳል። የስፌት መኪናዬ የእግር ሲንጀር ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተር አስገጠምኩላት። ሥራው ቀለለ፣ ፈጠነ፤ እግሬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ፈታ። አሁን ዘርፍና ቀላል ጥልፍልፍ ስሠራ ቀበቶውን መልሼ በእግሬ እረግጣለሁ። መብራት ሲጠፋማ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ያዳነኝ ሩጫው ሳይሆን ጎረቤቴ ናት። ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው፤ እሷም ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ጉልበቴ ሲሻለው አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ቆማ «ሀያ፣ ተነሺ! ዛሬ ባጃጅ የለም፣ በእግር ነው» አለችኝ። «ጉልበቴስ?» ስላት «አብሽሪ፣ ቀስ ብለን ነው» አለች። ቀስ ብለን ሄድን። ያን ቀን ሱቄ ድረስ 35 ደቂቃ ፈጀብን። አሁን 26 ነው።

ፍጥነታችንን የምንለካው በስልክ አይደለም። ጥሩ እርምጃ የሚባለው እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ነግረውኝ ነበር። እሷ መንዙማ ማንጎራጎር ትወዳለች። ስታንጎራጉር ትንፋሿ ካልተቆራረጠ ፈጠን እንላለን። ማውራት ሲያቅተን ቀነስ እናደርጋለን። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ስሰማው በዝቶብኝ ነበር። ወደ ሥራ መሄጃውን ስቆጥረው ግን ለአምስት ቀን 130 ደቂቃ ሆነ፤ አንድ ቀን ማታ በእግር ከተመለስኩ ሞላ። ልዩ ሰዓት መፈለጌን ያኔ ተውኩ። ሌሊት የምነሳበትን ሰዓት ስፈልግ ስንት ዓመት አልፏል! ቀኑ ውስጥ ያለው መንገድ ይበቃ ነበር። የባጃጁም ተረፈኝ፤ በእሱ ከሰልባጅ ተራ ጥሩ ስፖርት ጫማ ገዛሁ። ጫማው ቅንጦት አይደለም። ፕላስቲክ ጫማ አድርጌ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ ነው የገዛሁት።

ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም በሳምንት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ለዚህ የዘይት ጀሪካን አለኝ። ባለ 5 ሊትሩን ውሃ ስሞላው 5 ኪሎ ይመዝናል። ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጄ ይዤ አስር አስር ጊዜ ሦስት ዙር አነሳለሁ። ከዚያ ከወንበር ላይ እጄን ሳልደገፍ ተነስቼ እቀመጣለሁ። በቃ፣ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። ብዙ የምለው ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። ጀሪካን በከፈትኩ ቁጥር ቀኑን በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው በ35 ቀን አለቀ። ሳካፍለው ለአንድ ሰው በቀን ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ይመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ደነገጥኩ። እኔ ዘይት የማበዛ አይመስለኝም ነበር። ችግሩ ጭልፋዬ ነበር። አንድ ቀን ጭልፋዬን በማንኪያ እየሞላሁ ለካሁት፤ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ይይዛል። ወጥ ስሠራ «አንድ ጭልፋ ብቻ» እያልኩ የማደርገው ያን ያህል ነበር። ከላይ ደግሞ «እንዳያርብኝ» ብዬ እጨምር ነበር።

አሁን የማደርገው እናቴ ዶሮ ወጥ ስትሠራ የምታደርገውን ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላለሁ። መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ ውሃ አደርግለታለሁ። ሲቀላና ሲልም ነው ዘይቱን የማስገባው፤ እሱንም በማንኪያ ቆጥሬ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ እየተጠበሰ ይጠጣዋል። በደረቁ ከላመ ግን ትንሹ ዘይት ከላይ ወጥቶ ወጡን ያሳምረዋል። ጊዜ ይፈልጋል፣ እሳቱን ዝቅ ማድረግና አጠገቡ መቆም ግድ ነው። ጣዕሙ ግን አልቀነሰም፤ ባለቤቴ ለውጡን ያወቀው ስነግረው ነው። የሚረጋውን ዘይትም ትቼ በፈሳሽ ቀየርኩ፤ የሚረጋው የደም ቅባት ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስብ ይበዛበታል። ፈሳሹ ውድ ነው። ጀሪካኑ ግን አሁን 56 ቀን ይቆያል።

ጨውም እንደዚሁ። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመከራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 50 ቀን መቆየት አለበት። የእኔ በ35 ቀን ያልቅ ነበር፤ እሱም የበርበሬውንና የሽሮውን ሳይጨምር! ብዙዎቻችን የምንረሳው ይሄ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮ ላይ ሳልቀምስ ጨው መነስነስ ልማዴ ነበር። ዘንድሮ በርበሬ ሳስፈጭ ጨውን ቀነስኩ፤ በምትኩ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ጨመርኩ።

ስኳር ያለው ቡና ላይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየስኒው ሁለት ማንኪያ። ስድስት ስኒ፣ አስራ ሁለት ማንኪያ። ይሄ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላሉ። ቡናውን መተው አላሰብኩም። ጎረቤት ጀባ ብሎ ስኒ ሲዘረጋልሽ እንቢ ማለት ቡናውን ብቻ እንቢ ማለት አይደለም፤ የሰውዬውን ዱአ፣ ወሬውን፣ ጉርብትናውን ነው። የቀነስኩት ስኳሩን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ። ጥቅምትና ኅዳር አለቁ። ታኅሣሥ ላይ ጤና አዳም ብቻ ጣል አድርጌ መጠጣት ቻልኩ። አሁን ሰው ቤት ስኳር ያለበት ከተቀዳልኝ ቡናው ይጠፋብኛል። የቡና ቁርሱንም ከነጭ ዳቦ ወደ ገብስና ሽንብራ ቆሎ አዙረነዋል።

ትሪው ነው ያስቸገረኝ። በአንድ ማዕድ ስንበላ ምን ያህል እንደበላሁ አላውቅም። ልጆቹ ሲያጎርሱኝ፣ እኔም ሳጎርስ፣ ጫፉን «አይጣል» እያልኩ ስጨርስ ሁለት እንጀራ ያልፋል። ለብቻዬ ሰሃን ማቅረብ ሞከርኩ። ሁለት ቀን ነው የቆየው። ታናሿ ልጄ «ተቆጥተሻል?» አለችኝ። ሰሃኑን መለስኩት። ከዚያ የትሪውን አቀማመጥ ቀየርኩ። መሃሉ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ወይም ሰላጣ በብዛት አደርጋለሁ። ወጡ ዳር ዳር ነው። እጅ ሁሉ መሃል ይገናኛል። እንጀራ ሳቀርብ የእኔን አንድ አድርጌ ጠቅልዬ ፊቴ አስቀምጣለሁ፤ እሱ ሲያልቅ ጨረስኩ ማለት ነው። ልጆቼም አሁን ቆስጣ ይሻማሉ።

ያልጠበቅኩት ፈተና ከሰው አፍ መጣ። ጥር ላይ አራት ኪሎ ቀንሼ ነበር። ለሰርግ የመጣ ዘመድ ሁሉ «ምነው ከሳሽ? ምን አገኘሽ?» አለኝ። አንዷ አክስቴማ ጥግ ይዛኝ ቤት ውስጥ ችግር እንዳለ ጠየቀችኝ። እኛ ዘንድ መክሳት የችግር ምልክት ነው፤ መወፈር ደግሞ «ተመችቶሻል» ይባላል። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ። ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ለአክስቴ ደውዬ የግፊቴን ቁጥር ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔስ የት ልለካ?» አለችኝ። ወስጄ አስለካኋት። ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አሁን መድኃኒት ጀምራለች። ከዚያ በኋላ «ከሳሽ» ለሚለኝ ሁሉ ምክንያቱን እነግራለሁ።

ጥር ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። ከገና ጀምሮ እስከ ሰርጉ መጨረሻ የሐበሻ ልብስ ሥራ ይጎርፋል። እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት እሰፋ ነበር። ደብተሬ ላይ የእግር ጉዞዬ ደቂቃ ሁለት ሳምንት ዜሮ ዜሮ ይላል። ገጹን ቀድጄ እንደ አዲስ ልጀምር ብዬ አስቤ ነበር። አልቀደድኩትም። ቀጥሎ ባለው መስመር 60 ደቂቃ ጻፍኩ፣ ከዚያ 95፣ ከዚያ 140።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተዋል። እኔ 55 ቀን ስጾም ጎረቤቴም ከመሃል ገባች። እንደ ድሮው ቢሆን ጾም ሲመጣ ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስና ዳቦ ይበዛብኝ ነበር፤ ጾመኛ ሆኖ መወፈር ይቻላል። አሁን ምስር፣ ባቄላ፣ ተልባና ሱፍ ላይ አተኮርኩ። እሷ ጠዋት በእግር መሄዱ ውሃ ጥም ስለሆነባት ሰዓቱን ወደ ማታ አዞርነው። ከማፍጠሪያው በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብለን ወደ ቤት እንሄዳለን። አዛን ሲል በራቸው ላይ ነን። ቴምርና ውሃ ይዛ ትጀምራለች። የእነሱ ሾርባ በአጃና በሥጋ ነው፤ ለእኔ ሥጋ የሌለው በትንሽ ድስት ለብቻ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ሳምቡሳውን ከየቀኑ ወደ ሳምንት ሁለት ቀን ያወረዱት ልጆቿ ናቸው።

በወር አንዴ ጨርቅ ለማምጣት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ስንደርስ አየሩ ይሞቃል፤ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። መስከረም ላይ እዚያ ከመናኸሪያ እስከ እህቴ ቤት በእግር መሄድ ይከብደኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ተሸክሜ ሳላርፍ ደረስኩ። እህቴ በር ስትከፍት ማናገር ቻልኩ።

ቁጥሮቹ እነሆ። ኪሎ ከ74 ወደ 69። ወገብ ከ97 ወደ 89። ግፊት ባለፈው ሳምንት 132 በ84። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ላይ 138 በ88 ነበር፤ ሐኪሙ ቀጥይ ብሎኝ ክትትሉ ላይ ነኝ። እባካችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የእኔን አይታችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። አክስቴም በእግር እየሄደችም መድኃኒቷን አላቋረጠችም።

አሁን ግንቦት ነው። የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴን ጉም ሲውጣት አሥር እርምጃ ወደፊት አይታይም፤ ጭቃው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጃንጥላና ቦቲ ገዝቻለሁ። ዶፍ ሲሆን ሱቅ ውስጥ ሲንጀሯን በእግር እየረገጥኩ ደቂቃውን ልሞላ አስቤያለሁ፤ ለግማሽ ሰዓት ሞክሬው እግሬ ሞቋል፣ ትንፋሼ ግን ብዙም አልጨመረም። በዝናብ ወቅት ቤት ውስጥ ትንፋሽ የሚጨምር ነገር የምትሠሩ ካላችሁ ንገሩኝ። ጠባብ ክፍል ነው ያለኝ፣ ከታች ተከራይ አለ፣ መዝለል አይቻልም።