የገና ዋዜማ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና

ለገና አጎቴ ዘንድ ደብረ ሲና ልሄድ ነው ስል ሁሉም የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ድሮ «ቆሎ እንዳትረሳ» ነበር የሚሉት። ደግነቱ ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ሚኒባሱ ወዲያው ሞላ፣ ረዳቱ «የበዓል ታሪፍ ነው» ብሎ ጨመረብን፣ ተጨቃጨቅን፣ ከፈልን፣ ሄድን።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠ የታኅሣሥ ብርዱ አያድርስ ነው። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆናል። ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ ኅዳር ላይ ያው ውርጭ ባቄላቸውን እንደመታባቸው ነገሩኝ። «ገብሱ ግን ተመስገን ነው» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ በግ ተራ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

የአገሩን ወሬ መስማት የፈለገ በበዓል ዋዜማ በግ ተራ ይግባ። ማን ልጁን እንደዳረ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ማዳበሪያ ስንት እንደገባ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። የበጉን ዋጋ አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የመንዝ በግ አጭር ነው፣ ጠጉራም ነው፣ ላቱ ወፍራም ነው። ገዢው መጀመሪያ ወገቡን ይጨብጣል፣ ቀጥሎ ላቱን ከሥር በመዳፉ አንስቶ ይመዝናል፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከሳ እኮ!» ይላል። ካልከሳም ይላል። ጎን ለጎን ደግሞ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀሉት ቆመዋል፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ። አንዲት እናት አንዱን ትልቅ በግ ዞረው ዞረው አዩና «ይሄስ ጥጃ ነው፣ በግ አይደለም» ብለው ወደ ትንሹ ተመለሱ። ነጋዴው «እማማ፣ እሱኮ ሁለት በግ ይወጣዋል» ቢላቸው «ለእኔ አንድ ይበቃኛል» አሉት። ጥቁሮቹ በጎች እንደ ልማዱ ረከስ ያሉ ነበሩ። ለበዓል ቀይ ወይም ነጭ ይፈለጋላ! ሥጋው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ቀለሙን ያያል?

ከዚያ ወዲያ ጣርማ በር ነው። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ በዚህ በኩል ጉም፣ በዚያ በኩል ገደል። ከዋሻው ስትወጡ መኪናው ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ ከዚያ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ሰውም አንድ በአንድ ጃኬቱን ያወልቃል። ደብረ ሲና ሲገባ የቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ። ገዛሁ፣ ማን ያልፈዋል።

የበዓሉ ዕለት ሌሊት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ የሰፈሩ ቅርጫ አጎቴ ግቢ ታረደ። ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ሲደረደር አንዱ «የኔ መደብ ጎድን አነሰው»፣ ሌላው «ጉበቱን ማን አሳነሰው?» እያለ ትንሽ ግርግር ነበር። ሲያልቅ እያንዳንዱ ዕጣውን አዋጣ። ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የክብሪት እንጨት፣ አጎቴ ደግሞ የኮቱን ቁልፍ በጥሶ ሰጠ። ሲከፋፈል ያላየ ልጅ ከውጭ ተጠርቶ አንድ አንድ እያደረገ መደቡ ላይ ጣለው። ያጉረመረመው ሁሉ ዝም አለ። በዕጣ ማን ይከራከራል?

ዘንድሮ ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው ሰፈሩ ውስጥ የተከራዩ ቤተሰቦች ነበሩ። ለቅርጫው አልከፈሉም፣ የጠየቃቸውም የለም። ዕጣው ከወጣ በኋላ ሁሉም ከመደቡ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ አንድ ትሪ ላይ አኖረ። የእነሱ ትሪ በመጨረሻ ከማንኛችንም መደብ በለጠ። ጎድን አነሰኝ ያለው ሰውዬ ብዙ ነው የሰጠው፣ ይኼንን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው።

የበዓሉ ትልቅ ክርክር ግን በቆዳው ላይ ሆነ። ድሮ ገና ደሙ ሳይደርቅ «ቆዳ አለ?» የሚል ነጋዴ በር ያንኳኳ ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም፣ ዋጋው ወድቋል። አንዱ «ለቤተ ክርስቲያን እንስጥ» አለ። «ያምናም የሰጠነው እዚያው ተቀምጧል» አሉት። ሌላው ጨው ነስንሰን ጀንዴ እናድርገው ሲል ሚስቱ ከጓዳ «ማን ሊተኛበት?» ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም ሳይቋጭ ወደ ጠላው ተዞረ።

በማግስቱ ስሰናበት ቆዳው ምን ሊሆን ነው ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት።

«ለጥምቀት ትመጣ የለ? ያኔም እዚሁ ነው። ከፈለግህ ደግሞ አሁኑኑ ጠቅልለህ ውሰደው» አለኝ።

ቆሎዬን ብቻ ይዤ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።