የካርል ድራይስን ፔዳል አልባ ብስክሌት እንዴት እንደ ሠራሁ

የምኖረው በጀርመኗ ማንሃይም ከተማ ሲሆን መተዳደሪያዬም የእንጨት ሥራ ነው። በዚህችው ከተማ የደን ሹም የነበረው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ሁለት መንኮራኩሮችን ፊትና ኋላ አሰልፎ፣ ሰው በመካከል ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን መሣሪያ ሠራ። የብስክሌት ታሪክ ሲነሣ ስለ ፔዳልና ስለ ሰንሰለት ብዙ ይነገራል፤ እኔ ግን በሁለት መንኮራኩር ሚዛን ጠብቆ መሄድ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከሁሉም የሚበልጥ ግኝት ነው ብዬ ስለማምን፣ መሣሪያውን ሠርቼ ራሴ ልነዳው ወሰንሁ።

መጠኑን የወሰድሁት ከዘመኑ ንድፎችና በቤተ መዘክር ከሚታዩ ሥራዎች ነው። የመንኮራኩሮቹ ቁመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የመሣሪያው ክብደት ደግሞ ከ20 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ጀርመኖች ኤሼ የሚሉትን ጠንካራና ተለማጭ እንጨት መረጥሁ፤ ራጂዎቹንም በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በመጥረቢያ ፈልጬ አዘጋጀኋቸው፤ ምክንያቱም ተፈልጦ የተገኘ ዘንግ የእንጨቱን ክር ተከትሎ ስለሚወጣ ክብደት ሲያርፍበት በቀላሉ አይሰነጠቅም። አክሰሉ በሚያልፍበት እምብርት ውስጥ፣ ድራይስ እንዳደረገው ሁሉ፣ በቶርኖ የተስተካከለ የነሐስ ቦኮላ፣ ማለትም እንጨቱን ከአክሰሉ የሚለይ ቱቦ፣ አስገባሁ።

ከሥራው ሁሉ የመሰጠኝ የብረት ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ከመንኮራኩሩ ዙሪያ በጥቂቱ አንሶ ይሠራና በእሳት ሲግል ይሰፋል፤ ያን ጊዜ አንድ አንጥረኛ ወዳጄና እኔ በጉጠት ይዘን እንጨቱ ላይ አሳረፍነው፤ እንጨቱ መጨስ ሲጀምር ውሃ አፈሰስንበት። ብረቱ ሲኮማተር ራጂዎቹ እየተንቋቁ ወደ እምብርቱ ሲገቡ በግልጽ ይሰማ ነበር። አንድም ምስማር ሳይመታበት መንኮራኩሩ እንደ አንድ አካል ጠበቀ።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ግን መሪው ነው። በድራይስ ሥራ መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከፊተኛው አክሰል ወደ ፊት ቀደም ብሎ የተተከለ በመሆኑ፣ መንኮራኩሩ ዘንጉን እየተከተለ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን ለመጠምዘዝ አይቸኩልም። የአካሉን ክብደት የሚሸከመው ከዋናው አግዳሚ ሥር የሚንሸራተት ጎባጣ እንጨት ነው። ይህ እንጨት ከጠበቀ ነጂው መሪውን በጊዜው ማቃናት አይችልም፤ ከላላ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሞራ እየቀባሁ፣ ስስ ስስ እየፋቅሁ፣ በሁለት ጣት ሲገፋ እሺ እስኪል ድረስ አስተካከልሁት።

ለመንዳት ክርኖቼን ከፊት ለፊቴ ባለው ሰሌዳ ላይ አሳርፌ እየተራመድሁ ጀመርሁ። በትንሽ ቁልቁለት ሁለቱንም እግር ከመሬት ሲያነሡ ሰውነት በፍርሃት መሪውን ከሚወድቅበት በተቃራኒው ማዞር ይወዳል፤ የሚያቆመው ግን ወደሚወድቁበት አቅጣጫ በጥቂቱ ማዞር ነው። ድራይስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1817 ወደ ሽቬትሲንገን በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለው የፈረስ መለወጫ ቤት ሄዶ ተመለሰ፤ 14 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ደርሶ መልስ የጨረሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የብረቱ ጎማ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ንዝረት ስላለው፣ ይህ ፍጥነት ምን ያህል ብርታት እንደሚጠይቅ የሚገባው ለነዳው ብቻ ነው። ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ያወጣው ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1888 ነው።

ይህን ሥራ ከጨረስሁ ወዲህ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 በካንሽታት የሠሩትን የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት የማየው በሌላ ዓይን ነው። 264 ሲሲ ሞተሩ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አካሉ እንጨት፣ የመንኮራኩሮቹም ቀለበት ብረት ነበር፤ በግራና በቀኙም ሁለት ትናንሽ መደገፊያ መንኮራኩሮች ነበሩት። ዓላማቸው ሞተሩን መፈተን ስለ ነበር ሚዛኑን ለመደገፊያዎቹ መተዋቸው ያስኬዳል፤ በ1894 በሙኒክ ለገበያ በብዛት የተመረተው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሞተር ብስክሌት ግን እንደ ድራይስ ሥራ በሁለት መንኮራኩር ብቻ ይሄድ ነበር። ቀጥዬ የምሠራው የዳይምለርን የእንጨት አካል ያለ ሞተሩ ነው፤ መደገፊያዎቹን አውልቄ መሪው ብቻውን ሊያቆመው ይችል እንደ ሆነ እፈትሻለሁ።