ከመድኃኒቱ በፊት ካልቸር አሠሩ

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሽንት ቤት ስገባ አቃጠለኝ። ወዲያው ደግሞ አሰኘኝ፤ ስሄድ ጠብ የምትል ብቻ ናት። እናቴ «ብርድ መትቶሽ ነው» ብላ ተልባ በጠበጠችልኝ። እኔ ግን ፋርማሲ ገብቼ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዛሁ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። በሁለተኛው ቀን ሲሻለኝ የቀረውን ፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኩት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰብኝ። ክሊኒክ ሄድኩ፤ ካርድ አወጣሁ፤ ሽንት ታዘዘልኝ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ላብራቶሪው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ገፋ አደረገልኝ። «ሽንት» አለ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ሽንት ቤቱ ውኃ የለውም። መጀመሪያ የመጣውን ቀድቼ መስኮቱ ላይ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጎን አስቀመጥኩት። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነበር። ምነው ተነስቼ በተናገርኩ!

ውጤቱ «ባክቴሪያ ብዙ፣ ኤፒተልያል ሴል ብዙ» ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱን እንጂ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሲፕሮ ጻፈልኝ። አሁንም ሲፕሮ!

ኤፒተልያል ሴል ሲበዛ ናሙናው ከውጭ ቆዳ ጋር ተነካክቷል ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሽንት ሙቀት ላይ ሲቆይ ጀርሙ ዕቃው ውስጥም ይራባል። ስለዚህ በ2 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ካልሆነ ፍሪጅ ይገባል። አሰጣጡ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቡ፣ የብልትን ከንፈር ከፈት አድርጉ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ልቀቁት፣ መሐሉን ዕቃው ውስጥ ያዙ። ይህን ለመንገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ግማሽ ደቂቃ ነፈገኝ፤ እኔ ወራት ከፈልኩበት።

ሦስተኛው ዙር ላይ ካልቸር እንዲታዘዝልኝ ለመንኩ፤ ሽንቱ ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ ነው። ግን ሲፕሮውን ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር። መድኃኒት እየወሰድሽ ነወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። መድኃኒቱ ደግሞ ጀርሙን ባይገድለው እንኳ ምርመራው ላይ እንዳያድግ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱ «ዕድገት የለም» ሆነ። «ኢንፌክሽን የለብሽም» ብለው ሸኙኝ። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ግን እያለቀስኩ ነበር የምወጣው።

አራተኛው ላይ አንድም ፍሬ ሳልውጥ፣ በደንብ ታጥቤ፣ መሐሉን ይዤ ሰጠሁ። «አሁኑኑ አስገቢልኝ፣ እህቴ» ብዬ ሠራተኛዋ እስክትወስደው ቆሜ ጠበቅኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ሲፕሮ አይገድለውም፤ ናይትሮፉራንቶይን ይገድለዋል። ያን ሁሉ ጊዜ የማይሠራ መድኃኒት ስውጥ ኖሬያለሁ።

የሕክምና መመሪያው ለመጀመሪያና ቀላል ሕመም ካልቸር አያስፈልግም ይላል። እኔ አልስማማም። ሲፕሮ እንደ ከረሜላ በሚሸጥበት አገር፣ አቅሙ ካላችሁ ከመጀመሪያው አሠሩ። ከተመለሰባችሁማ ሳታሠሩ አትውጡ። ሕመም ሳይኖራችሁ ወረቀት ላይ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ መድኃኒት አትቀበሉ፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ሌላ ነው፣ ይታከማል። ፈሳሽና ማሳከክ ካለ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ትውከት ከመጣ ኩላሊት ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ተልባም ቀጠሮም አትጠብቁ።

ናይትሮፉራንቶይኑን ለማግኘት ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። 100 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ5 ቀን። ፋርማሲስቷ «ከምግብ ጋር ውሰጂው፤ ሽንትሽ ቡናማ ቢሆን እንዳትደነግጪ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ምልልስ ሳልጠይቅ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። እግዜር ይስጣት። በማግስቱ ሽንቴ እውነትም ጠቆረ፤ አልደነገጥኩም። አምስቱንም ቀን ጨረስኩ።

ያንን የካልቸር ወረቀት አጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር ይዤው እዞራለሁ። አዲስ ሐኪም ጋ ስገባ ገና ሳልቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የማኖረው እሱን ነው።