የዲኤክሴን ዋተር ፓምፕ ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንደቀየርኩት

ነገሩ የጀመረው ሀረጎ ላይ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ የሚመላለስ ሰው ያቺን ዳገት ያውቃታል፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ፣ ይሄን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምትወጣው። እኔ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ነው የምሰራው፣ መኪናዬ አባቴ የተወልኝ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኬ፣ 1,290 ሲሲ። ከስራ ስመለስ ዳገቱ ግማሽ ላይ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀይ ሲጠጋ አየሁና ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ክዳኑን ግን አልነካሁትም፣ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የነገረኝ አንድ ነገር እሱ ስለሆነ፦ የፈላ ራዲያተር አይከፈትም።

ከዛ በኋላ ወደ ሁለት ሳምንት ያደረግኩት ውሃ መጨመር ብቻ ነበር። ጠዋት አንድ ሃይላንድ፣ ማታ አንድ ሃይላንድ፣ የቧንቧ ውሃ። ራዲያተሩ ይሆናል ብዬ አሳየሁት፣ ደህና ነው ተባልኩ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ እንኳን “ቴስታታው ነው፣ መውረድ አለበት” አሉኝና (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው) የጠሩት ገንዘብ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። አንጀቴ አላምን አለኝ።

ሰፈራችን ድሮ የከባድ መኪና መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፣ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። “አያ እስኪ አንቱ ይዩልኝ” አልኳቸው። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ብረት ስበው አዩ፣ ዘይቱ ወተት የመሰለ ነገር የለውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተው አስነሱኝ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይወጣም፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ የለም። ከዛ አጥፋው ብለው ፋኑን በእጃቸው ይዘው ወደፊት ወደኋላ ወዘወዙት፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። “አብሽር ልጄ፣ ቴስታታህ ደህና ነው፣ የዋተር ፓምፑ ኩሽኔታ ነው የሄደው” አሉኝ። ዋተር ፓምፕ ውሃውን በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል የሚያዞረው ነው፣ ፋኑም የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፣ ኩሽኔታው ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት ነው። በባትሪ መብራት ከፓምፑ ሆድ ስር አሳዩኝ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ከሷ እስከ ታች ድረስ የወረደ ዝገትማ የውሃ መንገድ። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሰራች ናት፣ ውስጥ ያለው የውሃ መከላከያ ጎማ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በሷ በኩል ይወጣል። እሷ ካለቀሰች ፓምፑ አልቋል ማለት ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃው የት እንደሚሄድ ስፈልግ እዛው አፍንጫዬ ስር ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ፣ መኪናዋ አድራ በደንብ በርዳለች። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ፣ ከስር ሳፋ አድርጌ ውሃውን ለቀቅኩት፣ የወጣው ነገር የቆየ ሻይ ነው የሚመስለው። (ኩላንት፣ ማለትም ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ያለበት መኪና ከሆነ ሳፋውን ክፍት አትተዉት፣ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይጠጣዋል፣ መርዝ ነው።) በፋኑና በራዲያተሩ መሃል ካርቶን አስገባሁ፣ ፋኑ ሲወጣ የራዲያተሩን ክንፎች እንዳይነካ።

እዚህ ጋ አንድ ሰዓት ያቃጠልኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ መጀመሪያ አወጣሁት፣ ከዛ የፋኑን አራት ዳዶዎች ልፈታ ስል ቺንጋው የሚያልፍበት ፑሊ አብሮኝ ይዞራል፣ መያዣ የለው። መልሼ ቺንጋውን አስገብቼ ዲናሞውን ስቤ ማጥበቅ ነበረብኝ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቺንጋው ጠብቆ እያለ አራቱንም ዳዶ ላላ ታደርጋቸዋለህ፣ ከዛ ዲናሞውን አላልተህ ቺንጋውን ታወጣለህ፣ ከዛ ፋኑና ፑሊው በእጅ ይወጣሉ።

የፓምፑ ቡሎኖች ቁመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙን አጭሩ ቦታ አስገብተህ ብታጠብቀው ይሰነጥቃል ወይ ጥርሱን ይበላል። ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርፅ በእስክሪብቶ ሳልኩና እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። አንዱ አልፈታ አለኝ፣ እንዳይሰበር በጣም ፈራሁ፣ ዝገት ማላቀቂያ ነፍቼበት ቡና እስኪፈላ ተውኩት፣ ከዛ ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀስ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግኩትና ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያልኩ ወጣ። በጉልበት ቢሆን ኖሮ ዛሬም እሱን እያስወጣሁ ነበር።

ፓምፑን አውጥቼ ስገለብጠው ግን ዝም ነው ያልኩት። ውሃውን የሚገፉት ቅጠሎች ጫፋቸው ተበልቶ እንደ ቆየ ቆርቆሮ ሳስተዋል፣ አንዱ ከግማሽ በታች ነው የቀረው፣ በጥፍሬ ስነካው ቡናማ ቅርፊት ረገፈ። አያ እጃቸው ላይ አገላበጡትና “ይሄን የበላው ውሃችሁ ነው፣ ያንተም የአባትህም” አሉኝ። እውነት ነው፣ እኛ ቤት ኩላንት ገብቶ አያውቅም። ኩላንት ቅዝቃዜ ላለበት አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ዋናው ነገር ብረቱን ከዝገት መጠበቁ ነው። ደግሞ እንደኛ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ራሱ 82 ላይ ነው የሚከፍተው፣ መሃሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቡት። ያን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፣ ስለዚ ክዳኑንም 0.9 የሚል አዲስ ገዛሁለት።

የገዛሁት የመጀመሪያ ፓምፕ የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፣ ግን ፋኑ የሚታሰርበት አናቱ ወደ አንድ ሴንቲ ይረዝማል፣ ብገጥመው ፋኑ ራዲያተሩን ይፈጨው ነበር። አሮጌውን በፌስታል ይዤ ፒያሳ ተመለስኩና ጎን ለጎን አስቀምጬ ለካሁ፣ ባለሱቁም ሳይከራከር ቀየረልኝ። አሮጌውን ሳትይዙ ሱቅ አትሂዱ።

በፓምፑና በሞተሩ መሃል የሚገባው አሮጌው ጓርኒሲዮን እንደ ድንጋይ ተጣብቆ ነበር፣ የውሃውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍኜ በምላጭ ቀስ ብዬ ፋቅኩት፣ ወደ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ከስራው ሁሉ ትዕግስት የሚጠይቀው እሱ ነው። ሲሊኮን በጣም ስስ አድርጌ በሁለቱም ፊት ቀባሁ፣ ወፍራም ከሆነ ተጨምቆ ወደ ውስጥ ይገባና ራዲያተሩን ይደፍናል። ቡሎኖቹን ሁሉንም በእጅ አስገብቼ ከዛ በአጭር መፍቻ እያሻገርኩ ትንሽ ትንሽ አጠበቅኩ። ቺንጋው መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫነው አንድ ሴንቲ አካባቢ መግባት አለበት፣ ከዛ በላይ ካጠበቅከው አዲሱን ኩሽኔታ ራስህ ትገድለዋለህ።

ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ሞላሁ፣ ክዳኑን ሳልዘጋ፣ የሂተሩን ማዞሪያ ወደ ሙቅ አድርጌ አስነሳሁ። መጀመሪያ አረፋ ይተፋል፣ አየሩ ነው፣ ደረጃው ሲወርድ እየጨመርኩ ቆየሁ፣ የላይኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ እንደከፈተ አወቅኩ። ከስር ጠብ ሲል አይቼ ልቤ ዱብ አለ፣ ግን ስጠርገው አልተመለሰም፣ ሲፈታ የቀረ ውሃ ነበር።

እሁድ አያን አሳፍሬ ኮምቦልቻ ወርደን ቡና ጠጥተን ተመለስን። ሀረጎን ስንወጣ ሁለታችንም አናወራም፣ አይናችን ጌጁ ላይ ነው። ግማሽ ላይ ቆሞ ደሴ ገባ። በሳምንቱ ጠዋት ስታስነሳ ትጮህ ጀመር፣ አዲስ ቺንጋ ስለገጠምኩላት መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፣ ዲናሞውን ትንሽ ስቤ ሳጠብቀው ድምፁ ጠፋ።